የተቆረጠ ሞገድ፦ የሄቪ ሜታል ጊታር ድምፅ በፊዚክስ ዓይን

በጅግጅጋ ገበያ ወይም በቶጎ ውጫሌ መንገድ ዳር አንድ ነጋዴ በእጅ የሚያዝ ሜጋፎን ከፍቶ የዕቃውን ዋጋ ሲያስተዋውቅ ያልሰማ አንባቢ አይኖርም። ከመሣሪያው የሚወጣው ድምፅ ሻካራና ጆሮ የሚበሳ ነው። የነጋዴው ድምፅ ግን በተፈጥሮው እንዲህ አይደለም። ሻካራነቱ የመጣው ትንሹ መሣሪያ ከአቅሙ በላይ እንዲያጎላ በመገደዱ ነው። የሚያስገርመው ነገር በሜጋፎኑ የምንጠላውን ይህንኑ ሻካራነት የሄቪ ሜታል ጊታር ተጫዋቾች ሆን ብለው መፍጠራቸው፣ ለዚህም ብዙ ገንዘብ ማውጣታቸው ነው።

አንድ ዓይነት ክስተት በአንዱ ቦታ ብልሽት፣ በሌላው ሙዚቃ የሚሆነው ለምንድን ነው? በብዙዎች ዘንድ ያለው ግምት «ሄቪ ሜታል ማለት ድምፁን እስከ መጨረሻው መክፈት ነው» የሚል ነው። ይህ ግምት ከፊዚክስ አንጻር ትክክል አይደለም። የሄቪ ሜታል ጊታር ድምፅ በመሠረቱ የጩኸት መጠን ሳይሆን የሞገድ ቅርጽ ጉዳይ ነው። ሞገዱ የት ቦታ ላይ እንደሚቆረጥ፣ ከመቆረጡ በፊት ምን እንደሚቀነስለት፣ ከተቆረጠም በኋላ ምን እንደሚጣራለት የሚያውቅ ሰው በአነስተኛ መሣሪያና በዝቅተኛ ድምፅ ሊያገኘው ይችላል። ይህን የማያውቅ ግን ውድ መሣሪያ ይዞም ሳያገኘው ይቀራል፤ አንዳንዴም የተከራየውን ስፒከር አቃጥሎ ዕዳ ይገባል። በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን ከክሩ ጀምረን እስከ ስፒከሩ ድረስ ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን።

ከክሩ እስከ ሽቦው

የኤሌክትሪክ ጊታር ክሮች ከብረት የተሠሩ ናቸው። ከክሮቹ ሥር የሚገኘው ፒክአፕ በቋሚ ማግኔት ዙሪያ በሺዎች ለሚቆጠር ዙር የተጠቀለለ እጅግ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። ማግኔቱ በአቅራቢያው ያለውን ክር ማግኔታዊ ያደርገዋል። ክሩ ሲርገበገብ በጥቅሉ ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት ፍሰት ስለሚለዋወጥ በፋራዴይ ሕግ መሠረት በሽቦው ጫፎች መካከል ቮልቴጅ ይፈጠራል። ቮልቴጁ እንደ ፒክአፑ ዓይነትና እንደ አመታቱ ቢለያይም በመቶ ሚሊቮልት አካባቢ የሚገመት ደካማ ምልክት ነው።

ይህ ጥቅል ሽቦ የሚሰማው ክሩን ብቻ ቢሆን ኖሮ መልካም ነበር። ነገር ግን በግድግዳችን ውስጥ የሚያልፈው የ220 ቮልት መስመር በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚለዋወጥ የማግኔት መስክ ይፈጥራል። ፒክአፑ ይህንንም ስለሚቀበል «ሀም» የሚባለው የማያቋርጥ ጉርምርምታ ይሰማል። መፍትሔው በ1955 እ.ኤ.አ. በጊብሰን ኩባንያ መሐንዲስ በሴት ላቨር ተገኘ። ይኸውም የማግኔት ዋልታቸውም የሽቦ አጠቃለላቸውም ተቃራኒ የሆኑ ሁለት ጥቅሎችን በተከታታይ ማገናኘት ነው። ከውጭ የመጣው ሀም በሁለቱ ጥቅሎች ውስጥ በተቃራኒ ምልክት ስለሚፈጠር ይጠፋፋል፤ የክሩ ምልክት ግን ሁለት ጊዜ ተቃራኒ በመሆኑ ተመልሶ ይደመራል። ሀምበከር የሚባለው ፒክአፕ ይህ ነው። በሄቪ ሜታል ጊታሮች ላይ በብዛት የሚገኘውም ለዚሁ ነው፤ ምልክቱ በብዙ እጥፍ በሚጎላበት ሙዚቃ ሀሙም በዚያው ልክ ይጎላልና።

ጫፉ ሲቆረጥ ምን ይፈጠራል?

አንድ ማጉያ የሚገባበትን ቮልቴጅ በቋሚ ቁጥር የሚያባዛ ከሆነ ቀጥተኛ ወይም ሊኒየር ማጉያ ይባላል። ከእንዲህ ዓይነቱ ማጉያ የሚወጣው ሞገድ መጠኑ ይጨምራል እንጂ ቅርጹ አይለወጥም። ይሁን እንጂ ማንኛውም ማጉያ ወሰን አለው። በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ መሣሪያ 20 ቮልት ሊያወጣ አይችልም። ሞገዱ ወሰኑ ላይ ሲደርስ ከዚያ በላይ መውጣት ስለማይችል ጫፉ ጠፍጣፋ ይሆናል። ይህ መቆረጥ ክሊፒንግ ይባላል።

ለተማሪዎች ክስተቱን በኦሲሎስኮፕ ማሳየት ቀላል ነው። የፔዳሉ ጌይን ቀስ በቀስ ሲጨመር ክብ የነበረው የሳይን ሞገድ ትከሻው እየሰፋ ሄዶ በመጨረሻ ካሬ ይመስላል። በዓይን የምናየው ይህ ለውጥ በጆሮ የሚሰማው አዳዲስ ድግግሞሾች በመፈጠራቸው ነው። በፉሪየር ትንታኔ መሠረት ማንኛውም ተደጋጋሚ ሞገድ የሳይን ሞገዶች ድምር ነው። ወደ ላይና ወደ ታች እኩል የተቆረጠ የካሬ ሞገድ የመሠረታዊውን ድግግሞሽ ጎዶሎ ብዜቶች ይይዛል። መጠናቸውም አንድ፣ አንድ ሦስተኛ፣ አንድ አምስተኛ እያለ ይቀንሳል። ለምሳሌ ያህል የጊታሩ አምስተኛ ክር 110 ኸርዝ ይሰጣል። ይህ ድግግሞሽ ብቻውን ተወስዶ ሲቆረጥ 330፣ 550፣ 770 ኸርዝና ሌሎችም ይጨመሩበታል። የላይኛውና የታችኛው ጫፍ እኩል ካልተቆረጡ ደግሞ 220፣ 440 ኸርዝና ሌሎች ሙሉ ብዜቶች ይከተላሉ። የድምፁን ጠርዝና ንክሻ የሚሰጡት እነዚህ ተጨማሪዎች ናቸው።

ሁለተኛው ውጤት የድምፁ ዕድሜ መርዘሙ ነው። ክር ሲመታ እንቅስቃሴው ወዲያው መድከም ይጀምራል። አሁን አንድ ፔዳል ምልክቱን 118 ጊዜ አባዝቶ በ0.6 ቮልት ላይ ይቆርጠዋል እንበል። ከ5 ሚሊቮልት በላይ የሆነ ማንኛውም ምልክት የመቁረጫውን ወሰን ያልፋል፤ 0.6 ለ118 ሲካፈል 0.005 ያህል ነውና። ስለዚህ የክሩ ምልክት ከ100 ሚሊቮልት ወደ 5 ሚሊቮልት፣ ማለትም ወደ አንድ ሃያኛ ሲወርድ ሰሚው ለውጡን እምብዛም አያስተውለውም። ጊታሩ እንደ ቫዮሊን ረጅም ድምፅ የሚያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ተጫዋቹ እጁን ሲያነሣ የሚቀረው ሀምና የጣት ሽክርክሪትም በ118 ይባዛል። ስለዚህ በዚህ ስልት የማይጫወቱትን ክሮች በመዳፍ ማፈን ከመጫወት እኩል የሚለመድ ሙያ ነው።

ከብልሽት ወደ ጥበብ

የዚህ ድምፅ ታሪክ ከብልሽት ይጀምራል። በ1960 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ናሽቪል ከተማ የማርቲ ሮቢንስ አንድ ዘፈን ሲቀዳ የማደባለቂያው አንዱ መስመር ተበላሽቶ የጊታሩን ድምፅ አሻከረው። ድምፁ ስለተወደደ የቀረጻው መሐንዲስ ግሌን ስኖዲ ያንኑ ብልሽት በትራንዚስተሮች የሚደግም መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው በ1962 እ.ኤ.አ. ማይስትሮ ፈዝ ቶን በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። በእንግሊዝ ደግሞ በ1964 እ.ኤ.አ. የኪንክስ ባንድ ጊታር ተጫዋች ዴቭ ዴቪስ የስፒከሩን ወረቀት በምላጭ ቀድዶ ተመሳሳይ ድምፅ አገኘ።

ሄቪ ሜታልን በድምፁ ለይቶ ያወጣው ሰው ግን ከበርሚንግሃም የብረታ ብረት ፋብሪካ የተገኘው ቶኒ አዮሚ ነው። አዮሚ በ17 ዓመቱ በሥራ ላይ ሳለ የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ በማሽን አጣ። ግራኝ በመሆኑ የተጎዳው ክር የሚጫንበት እጁ ነበር። ከቀለጠ ፕላስቲክ ለጣቶቹ ቆብ ሠርቶ፣ ቀጫጭን ክሮች ገጥሞ መጫወቱን ቀጠለ። በ1970 እ.ኤ.አ. ከብላክ ሳባዝ ባንድ ጋር የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ። በ1971 እ.ኤ.አ. በወጣው «ማስተር ኦቭ ሪያሊቲ» አልበም ደግሞ በአንዳንድ ዘፈኖች ጊታሩን በሦስት ግማሽ ቃና ዝቅ አድርጎ ቃኘው። የዚህን ጥቅም በቀላሉ ማስላት ይቻላል። የአንድ ክር ድግግሞሽ ከውጥረቱ ካሬ ሥር ጋር ስለሚመጣጠን፣ ሦስት ግማሽ ቃና መውረድ ድግግሞሹን ወደ 84 በመቶ፣ ውጥረቱን ደግሞ የዚህ ካሬ ወደሆነው 71 በመቶ ያወርደዋል። የክሩ ውጥረት በ29 በመቶ ገደማ ቀለለ ማለት ነው። ለተጎዱት ጣቶች የተደረገው ማቅለያ ለሰሚው የከበደ ድምፅ ሆነለት።

የኤሌክትሪክ ጊታር በአካባቢያችንም እንግዳ አይደለም። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሰላም ሥዩም ጊታር የሚጫወትበት አይቤክስ ባንድ፣ በኋላም ሮሃ ባንድ፣ ጊታርን ከኢትዮጵያ ቅኝቶች ጋር አዋሕዷል። የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» በ1975 እ.ኤ.አ. የተቀዳው ከአይቤክስ ጋር ነበር። በ1980ዎቹ በሞቃዲሾ እንደ ዱር-ዱርና ኢፍቲን ያሉ ባንዶች የሶማሊኛ ዘፈንን በኤሌክትሪክ ጊታርና በኪቦርድ ይጫወቱ ነበር። የተቆረጠው የጊታር ድምፅ በአማርኛ ዘፈን ጎልቶ የተሰማው ደግሞ ጃኖ ባንድ ከአሜሪካዊው አቀናባሪ ቢል ላዝዌል ጋር «ኤርታሌ» የተሰኘውን አልበም በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣ ጊዜ ነው።

በፔዳሉ ሆድ ውስጥ

ፔዳል በእግር እየተረገጠ የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ የብረት ሣጥን ነው። በውስጡ ያለው ነገር ለኤሌክትሮኒክስ ተማሪ ምሥጢር አይደለም። በ1979 እ.ኤ.አ. በጃፓን የወጣውን ቲዩብ ስክሪመር የተባለ ዕውቅ ፔዳል እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ልቡ አንድ ኦፕሬሽናል አምፕሊፋየር ነው። የማጉያ መጠኑ ከ51 ኪሎ ኦም እስከ 551 ኪሎ ኦም ሊለዋወጥ በሚችል ሬዚስተርና በአንድ የ4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይወሰናል። አንድ ሲደመር የሁለቱ ክፍፍል ስንል ከ12 እስከ 118 የሚደርስ ብዜት እናገኛለን። ከላይ የተጠቀምንበት ቁጥር የመጣው ከዚሁ ነው። ሞገዱን የሚቆርጡት ጀርባና ፊት ሆነው የተገናኙ ሁለት የሲሊከን ዳዮዶች ናቸው። የሲሊከን ዳዮድ በ0.6 ቮልት አካባቢ በሩን ስለሚከፍት ሞገዱ ከዚያ በላይ በነጻነት እንዲያድግ አይፈቅድለትም። በጀርመኒየም ዳዮድ ቢተካ በሩ በ0.3 ቮልት አካባቢ ይከፈታል፤ መቆረጡም ቀደም ብሎና ለስለስ ብሎ ይጀምራል።

ከሁሉ የሚደነቀው ግን ከ4.7 ኪሎ ኦሙ ጋር በተከታታይ የተቀመጠው የ47 ናኖፋራድ ካፓሲተር ነው። የሁለቱ ወሰን ድግግሞሽ አንድን ለሁለት ፓይ፣ ለሬዚስተሩና ለካፓሲተሩ ብዜት በማካፈል ሲሰላ 720 ኸርዝ ገደማ ይሆናል። ከዚህ በታች ያሉ ድምፆች ያነሰ ብዜት ያገኛሉ። «ከባድ» ለሚባል ሙዚቃ ወፍራሙን ድምፅ መቀነስ ምን ይጠቅማል? ወፍራም ድምፆች ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚይዙ ወደ መቁረጫው ከገቡ ሌላውን ሁሉ ይዘው ይቆረጣሉ፤ ውጤቱም ጭቃ የመሰለ ድምፅ ነው። ስለዚህ ወፍራሙ ከመቁረጫው በፊት ይቀነሳል፤ ካስፈለገም ከመቁረጫው በኋላ ይመለሳል። ከመቆረጥ በፊትና በኋላ የሚደረግ ማጣራት አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጥም። በሊኒየር ሥርዓት ቅደም ተከተል ለውጥ አያመጣም፤ ኢ-ሊኒየር በሆነ ሥርዓት ግን ሁሉን ይወስናል።

በ1980ዎቹ የነበሩ የሄቪ ሜታል ተጫዋቾች በብዛት የተጠቀሙበት ዘዴም በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። የፔዳሉን ጌይን ዝቅ፣ የመውጫውን መጠን ግን ከፍ አድርገው ቀድሞውኑ ወደ መቆረጥ የተቃረበ የቫልቭ ማጉያ ውስጥ ያስገቡታል። ፔዳሉ ወፍራሙን ገርቶ ይልካል፤ ዋናው መቆረጥ የሚከናወነው በማጉያው ውስጥ ነው።

ፓወር ኮርድና የእኛ ቅኝቶች

እስካሁን የተመለከትነው አንድ ድምፅ ብቻውን ሲቆረጥ ነው። ሁለት ድምፆች አብረው ሲቆረጡ ግን የሄቪ ሜታልን ሰዋስው የወሰነ አዲስ ነገር ይፈጠራል። ኢ-ሊኒየር የሆነ መሣሪያ ሁለት ድግግሞሾችን ሲቀበል ከመካከላቸው ልዩነታቸውን፣ ድምራቸውንና እንደ «የአንዱ እጥፍ ሲቀነስ ሌላው» ያሉ ጥምረቶችን ያወጣል። ምክንያቱን ከትሪጎኖሜትሪ እናውቀዋለን፤ የሁለት ሳይኖች ብዜት የልዩነታቸውና የድምራቸው ኮሳይን ነውና።

በመካከላቸው የአምስተኛ ርቀት ያላቸውን 110ና 165 ኸርዝ እንውሰድ። ልዩነታቸው 55፣ ድምራቸው 275 ነው። የ110 እጥፍ ሲቀነስ 165 ደግሞ 55 ይሰጣል፤ የ165 እጥፍ ሲቀነስ 110 ደግሞ 220 ይሰጣል። ሁሉም የ55 ብዜቶች ናቸው። ስለዚህ ጆሮ ማንም ያልመታውን፣ ከታችኛው ክር አንድ ኦክታቭ የሚወርደውን የ55 ኸርዝ ድምፅ መሠረት አድርጎ ይሰማል። ፓወር ኮርድ ይህ ነው። ሁለት ክር ብቻ ተመትቶ እንደ ግዙፍ መሣሪያ የሚያገሳውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን በምትኩ የሦስተኛ ርቀትን እንውሰድ። በጊታር አቃኘት 110ና 138.6 ኸርዝ ማለት ነው። ከነዚህ የሚወለዱት 28.6፣ 81.4ና 167.2 ኸርዝ ሲሆኑ በኮርዱ ውስጥ ቦታ የላቸውም። በተጨማሪም የ110 አምስተኛ ብዜት 550፣ የ138.6 አራተኛ ብዜት 554.4 ስለሆነ ሁለቱ በሴኮንድ ከአራት ጊዜ በላይ ይጋጫሉ። ባልተቆረጠ ድምፅ እነዚህ ብዜቶች ደካማ ስለሆኑ ኮርዱ ያምራል። በተቆረጠ ድምፅ ግን ሁሉም ስለሚጎሉ ይተራመሳል። ስለዚህ የሄቪ ሜታል ተጫዋቾች ሦስተኛውን ድምፅ ከኮርዱ ያወጡት ከፊዚክስ ጋር ተስማምተው ነው።

ይህ ሕግ ለእኛ ሙዚቃ ምን ይላል? የሶማሊኛ ዘፈኖች በአብዛኛው አምስት ድምፆች ባሉት፣ ግማሽ ቃና በሌለበት ስኬል ይዜማሉ። ትዝታ ሜጀርም የዚሁ ቤተሰብ ነው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ይህ ስኬል በራሱ የአምስተኛ ርቀቶች ሰንሰለት ነው። ከዶ ወደ ሶል፣ ከሶል ወደ ሬ፣ ከሬ ወደ ላ፣ ከላ ወደ ሚ እያልን አምስቱንም እናገኛለን። ከአምስቱ ድምፆች በአራቱ ላይ ከስኬሉ ሳንወጣ ፓወር ኮርድ መመሥረት እንችላለን ማለት ነው። ሄቪ ሜታል የተወለደው ብሉዝ ከተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ሲሆን፣ የብሉዝ ጊታርም በአብዛኛው የሚጫወተው በዚሁ ዓይነት ባለ አምስት ድምፅ ስኬል ነው። ስለዚህ በጅግጅጋ ሠርግ ላይ የሚሰማ ዜማ በተቆረጠ ጊታር ሲጫወቱት ባዕድ የማይሆንበት ምክንያት በሒሳብ የሚገለጽ ነው።

ሌሎቹ ቅኝቶች ይህን ያህል አይመቹም። በአምባሰል (ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት) የሚገኙት ሦስት አምስተኞች ናቸው። በአንቺ ሆዬ (ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ) ደግሞ ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ በመነሻው በዶ ላይ እንኳ ፓወር ኮርድ የለም። በዚህ ቅኝት የጊታር ተጫዋቹ ዜማውን በአንድ ክር ብቻ ቢጫወት ጥቅሙ የበለጠ ነው። አንድ ድምፅ ብቻውን ሲቆረጥ የሚወልደው የራሱን ብዜቶች ስለሆነ ቅኝቱ አይበላሽም።

ካበን ለምን በማግኔት አይሰማም?

በሶማሌ ክልል ከጊታር ይልቅ የሚታወቀው ዑድ ነው፤ በሶማሊኛ ካበን ይባላል። ይህን መሣሪያ ከሶማሊኛ ዘፈን ጋር በማዋሐድ ስሙ ቀድሞ የሚነሣው አብዱላሂ ቃርሼ ነው። በምሥራቅ ኢትዮጵያም የአሊ ቢራ ዑድ በሰፊው ይታወቃል። ካበንን ከፔዳል ጋር ለማገናኘት የሚሞክር ተማሪ በመጀመሪያ የሚገጥመው ነገር የጊታር ፒክአፕ ዝም ማለቱ ነው። የዑድ ቀጫጭን ክሮች ናይለን ናቸው፤ ወፍራሞቹም ቢሆኑ የሚጠቀለልባቸው መዳብ እንጂ ብረት ስላልሆነ የማግኔቱን ፍሰት አይለውጡም። መፍትሔው ፒየዞ ነው። ይኸውም ሲጫኑት ቮልቴጅ የሚሰጥ ክሪስታል ሲሆን፣ ዝርግ የናስ ሳንቲም መስሎ በደወሎችና በመጫወቻዎች ውስጥ ይገኛል። በካበኑ ሆድ ላይ ተለጥፎ ቢያንስ አንድ ሜጋ ኦም መግቢያ ካለው ማጉያ ጋር ሲገናኝ ጥሩ ድምፅ ይሰጣል።

ሁለተኛው ችግር ፊድባክ ነው። የካበን ሆድ ክፍት ሣጥን በመሆኑ ከስፒከሩ የሚመጣውን ድምፅ ተቀብሎ ይርገበገባል፤ ፒየዞው ይህን መልሶ ይልካል። በአንድ ድግግሞሽ የዙሩ ብዜት ከአንድ በለጠ ማለት መሣሪያው ማንም ሳይነካው መጮህ ጀመረ ማለት ነው። በ118 የሚያባዛ ፔዳል በዚህ ዙር ውስጥ ሲገባ ጩኸቱ አይቀሬ ይሆናል። ስለዚህ በካበን ላይ ጌይኑ ዝቅተኛ፣ ስፒከሩም ከተጫዋቹ ፊት ሳይሆን ወደ ተመልካቹ የዞረ ሊሆን ይገባል። የጊታር አካል ደረቅና ሙሉ እንጨት የተደረገበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ፔዳልና የሠርግ ሞንታርቦ

በአካባቢያችን አንድ ወጣት ጊታርና ፔዳል ቢያገኝ እንኳ የጊታር ማጉያ ላይኖረው ይችላል። በእጁ የሚገባው ለሠርግና ለስብሰባ የሚያገለግለው ሞንታርቦ ነው። ፔዳሉን በቀጥታ ከሞንታርቦ ጋር ሲያገናኝ የሚሰማው እንደ ንብ መንጋ የሚጮህ ደረቅ ድምፅ ስለሆነ ፔዳሉ ተበላሽቷል ብሎ ይደመድማል። ፔዳሉ ግን ደህና ነው። ጥፋቱ የሞንታርቦውም አይደለም። ሞንታርቦ የሰውን ድምፅ ሳያዛባ ለማድረስ ስለተሠራ እስከ 15 ሺህ ኸርዝና ከዚያ በላይ የሚደርሱ ድምፆችን የሚያወጣ ትዊተር አለው። የጊታር ማጉያ ባለ 12 ኢንች ስፒከር ግን ትዊተር የለውም፤ ከ5 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለው ድምፅ በፍጥነት ይወድቅበታል። የተቆረጠው ሞገድ ያሉትን እሾሃማ ብዜቶች የሚያርመው ይህ የስፒከሩ «ድክመት» ነው። ስፒከሩ በእውነቱ የመሣሪያው የመጨረሻ ማጣሪያ ነው።

በሞንታርቦ ለሚጫወት ሰው ማጣሪያውን ራሱ መጨመር ይቻላል። የ3.3 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና የ10 ናኖፋራድ ካፓሲተር ሲገናኙ ወሰናቸው 4,800 ኸርዝ ገደማ የሆነ ማጣሪያ ይሰጣሉ። ይህ ብቻውን እንደ ስፒከሩ ስል ስላልሆነ በማደባለቂያው ላይ የቀጭን ድምፅ መቆጣጠሪያውንም መቀነስ ያስፈልጋል። ኮምፒውተር ወይም ስልክ ያለው ደግሞ የስፒከርን ባሕርይ የሚያስመስል ሶፍትዌር በመጠቀም የተሻለ ውጤት ያገኛል።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚበልጥ ማሳሰቢያ አለ። መቆረጡ በፔዳሉ ውስጥ ይሁን እንጂ ፈጽሞ በሞንታርቦው ማጉያ ውስጥ አይሁን። የሳይን ሞገድ አማካይ ኃይል የከፍታው ካሬ ለሬዚስታንሱ እጥፍ ተካፍሎ ነው፤ የካሬ ሞገድ ግን ለሬዚስታንሱ ብቻ ተካፍሎ ነው። ስለዚህ 100 ዋት የሚባል ማጉያ ሙሉ በሙሉ ሲቆረጥ እስከ 200 ዋት ሊልክ ይችላል። ከጭማሪው ከፊሉ በላይኛዎቹ ብዜቶች ላይ ስለሆነ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቃጠለው ጥቂት ዋት ብቻ የሚችለው ትዊተር ነው። የፔዳሉን ጌይን ከፍ፣ የማደባለቂያውን መስመር ዝቅ፣ የማጉያውን ቀይ መብራት ዘወትር ጠፍቶ ማቆየት የተከራዩትን ዕቃ በሰላም ለመመለስ ዋስትና ነው።

ለሚጀምሩ ሰዎች ጥቂት ምክሮች

አነሳሱ እንዲህ ቢሆን ይመከራል። በድልድዩ በኩል ያለውን ፒክአፕ ይምረጡ። የማጉያውን ጌይን ከግማሽ ትንሽ አልፎ፣ ወፍራሙን ከግማሽ በታች፣ መካከለኛውንና ቀጭኑን ከግማሽ ትንሽ በላይ ያድርጉ። ከዚያም የፔዳሉን ጌይን ዝቅ፣ የመውጫ መጠኑን ከፍ ያድርጉ። ብቻዎን ሲጫወቱ መካከለኛውን ድምፅ ፈጽሞ ማውጣት ደስ ሊያሰኝ ይችላል። ከከበሮና ከኪቦርድ ጋር ሲሆን ግን ጊታሩ የሚሰማው በዚሁ መካከለኛ ክልል ስለሆነ ይጠፋብዎታል። ጌይኑን ከሚያስፈልገው በላይ አይጨምሩ፤ ከአንድ ደረጃ በኋላ የሚጨምረው ሀሙ እንጂ ክብደቱ አይደለም።

ብዙ ዋትም አያስፈልግም። ኃይልን በእጥፍ መጨመር 3 ዴሲቤል ብቻ ይጨምራል፤ ጆሮ «እጥፍ ሆነ» የሚለው ኃይሉ አሥር እጥፍ ሲሆን ነው። ስለዚህ ባለ 10 ዋት ማጉያ ለመኖሪያ ቤት ከበቂ በላይ ነው።

ከሰሜን አሜሪካ በዘመድ እጅ የሚመጡ ማጉያዎች አብዛኞቹ ለ120 ቮልት የተሠሩ ስለሆኑ ያለ ትራንስፎርመር በ220 ቮልት መስመራችን ላይ መሰካት የለባቸውም። ፔዳሎች በ9 ቮልት ባትሪ ሲሠሩ ከመስመሩ የሚመጣ ሀም አይገባባቸውም፤ በአዳፕተር ሲሆን ግን የፖዘቲቩንና የኔጋቲቩን አቅጣጫ ማረጋገጥ ግድ ነው። የመሬት ሽቦ በሌለው ቤት የብረት ክር ይዞ የብረት ማይክሮፎን መንካት አደጋ አለው። የቫልቭ ማጉያ ደግሞ በውስጡ ከ300 ቮልት በላይ ይይዛል፤ ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሮቹ ኃይሉን ስለሚያቆዩ ያለ ባለሙያ አይከፈትም።

ጆሮም እንደ ትዊተር ነው፤ ልዩነቱ የማይተካ መሆኑ ነው። ለ85 ዴሲቤል የሚመከረው የቀን ወሰን 8 ሰዓት ሲሆን፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በ100 ዴሲቤል የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የአንባቢው ነው። ነጻ የድምፅ መተንተኛ ሶፍትዌር በስልክ ጭኖ 110ና 165 ኸርዝን በአንድነት በፔዳል ውስጥ በማሳለፍ የ55 ኸርዝን መስመር በዓይን መፈለግ ይቻላል። ከዚያም 165ን በ138.6 ተክቶ የሚወለዱትን እንግዳ መስመሮች መቁጠር ነው። በመጨረሻም ከሚያውቁት የሶማሊኛ ዘፈን አንዱን መርጠው ዜማው ከሚቆምባቸው ድምፆች የትኞቹ ፓወር ኮርድ እንደሚቀበሉ፣ የትኛውስ እንደማይቀበል ቢመዘግቡ፣ በእጃቸው የሚቀረው ጽሑፍ የሄቪ ሜታል መማሪያ ብቻ ሳይሆን የራሳቸው ሙዚቃ ጥናትም ይሆናል።